ዳሌዬን ላስቀይረው ወይስ የራሴን ላቆየው?

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ33 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጅማ ነው፤ ሒርማታ መርካቶ አካባቢ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ባለትዳርና የአንዲት የ4 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግራ ብሽሽቴን ያመኛል። መጀመሪያ የማህፀን ነው ተብዬ ብዙ መድኃኒት ወሰድኩ፤ ቀጥሎ የነርቭ ነው ተባልኩ። ቀን ሙሉ የስፌት መኪናውን ስረግጥ ውዬ ማታ ከወንበር ስነሣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች አነክሳለሁ። ሰላት ላይ ከሱጁድ ቀና ስል፣ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ስል ውስጥ ውስጡን ይወጋኛል። ዲክሎፌናክ ካልዋጥኩ ሥራ ውዬ መግባት አልችልም፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ባለፈው ክረምት ራጅ ተነሥቼ «ዳሌሽ ከተፈጥሮ ጎድጓዳው ጥልቀት የለውም፤ መጋጠሚያው መበላት ጀምሯል» ተባልኩ። አንዱ ሐኪም የራሴን መጋጠሚያ ሳያወጡ፣ አጥንቱን ቆርጠው በማዞር ማስተካከል እንደሚቻል ነገሩኝ። ሌላው ደግሞ «ገና ልጅ ነሽ፣ ታገሺ፤ ሲብስ በሰው ሠራሽ ይቀየራል» አሉኝ። ባለቤቴ አሁኑኑ በሰው ሠራሽ ይቀየርና እንገላገል ይላል። እናቴ «ሰውነትሽን ቢላዋ አይንካው» ብላ ወጌሻ ልትወስደኝ ቀን ቆርጣለች። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ልጅ እፈልጋለሁ። ሁሉም ስለ ዳሌዬ ሐሳብ አለው፤ እኔ ብቻ ነኝ ምን እንደምፈልግ የማላውቀው። አጥንት ማዞር የሚሉት ነገር ስንት ዓመት ያቆያል? ጊዜስ አለኝ?

ሰ. ነኝ፣ ከጅማ

መልስ፦

እህቴ ሰ.፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ የያዘኝ «እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው» ያልሽው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሕመምሽ ስሙ ሲቀያየር ኖሮ፣ ስሙ በተገኘ ማግስት አራት ሰው አራት አቅጣጫ ቢያሳይሽ ግራ መጋባትሽ አይደንቅም። ብሽሽት ላይ የሚሰማ የዳሌ ሕመም ብዙ ሴቶችን ወደ ማህፀን ምርመራ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ጉልበት ድረስ ወርዶ ጉልበት ያስመረምራል። የዳሌ መጋጠሚያ በእርግጥ ያለው እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ የምትይዢው የጎን አጥንት ዘንድ ሳይሆን ብሽሽትሽ ውስጥ ጠልቆ ነው። ሰውነትሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ትክክለኛውን ቦታ ሲያሳይ ነበር።

ጎድጓዳው ጥልቀት የለውም ሲሉሽ ምን ማለታቸው እንደሆነ በጀበና ላሳይሽ። ጀበና ሥሩ ክብ ስለሆነ ማቶት ላይ ነው የሚቀመጠው። ማቶቱ ካዘነበለ ጀበናው በሙሉ ሥሩ አያርፍም፤ በአንድ ጠርዝ ይደገፋል፣ ያው ጠርዝ ቶሎ ይበላል። ያንቺ የጭን አጥንት ራስ ጀበናው ነው፤ ከላይ የሚሸፍነው የዳሌ ጎድጓዳ ደግሞ ማቶቱ፤ ተገልብጦ አስቢው። በአንድ እግር ስትቆሚ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነትሽ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ያ ሁሉ ሸክም በጠባብ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ፣ አጥንቶቹን የሸፈነው ለስላሳው ልም አጥንት ከጠርዙ ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል። የዚህ መጨረሻ የመጋጠሚያ መበላት፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ነው።

አንደኛው ሐኪም የነገሩሽ ቀዶ ሕክምና ማቶቱን ማቃናት ነው። ስዊዘርላንድ በርን ከተማ ውስጥ ራይንሆልድ ጋንዝ የተባሉ የአጥንት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከ1984 ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) የሠሩበት ነው። ከብሽሽት በላይ ፊት ለፊት ይከፈትና በጎድጓዳው ዙሪያ ያለው አጥንት ከፊት፣ ከታችና ከላይ ይቆረጣል። የኋላው ምሰሶ ግን አይቆረጥም፤ ዳሌሽ እንዳይፈርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ ጎድጓዳው ከነልም አጥንቱ ዞሮ የጭኑን ራስ በደንብ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ በሦስት ወይም በአራት ረጃጅም ብሎኖች ይያዛል። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የሚወስድ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። ቀላል ነው የሚልሽ ካለ አትመኚው።

ስንት ዓመት ያቆያል ላልሽው፣ በበርን መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 75 ዳሌዎች በጣም ረጅም ጊዜ ክትትል ተደርጎባቸዋል። 20ኛው ዓመት ላይ ከተገኙት ከመቶ 60ዎቹ የራሳቸውን መጋጠሚያ ይዘው ነበር። 30ኛው ዓመት ላይ ግን ሳይቀየር፣ ሳይባባስና ያለ ብዙ ሕመም የቆየው ከመቶ 29 ብቻ ነው። ሁለተኛውን ቁጥር አይተሽ አትደንግጪ፤ እነዚያ ዳሌዎች ቀዶ ሐኪሞቹ ሥራውን ገና እየተማሩ ያከናወኗቸው ናቸው፤ ከመካከላቸውም ከመጀመሪያው በጣም የተበላ መጋጠሚያ የነበራቸው ነበሩ። ለአንቺ ዋናው ነገር እነማን ቆዩ፣ እነማን አልቆዩም የሚለው ነው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ሆኖ የተሠራላቸው ሰዎች የመበላሸት ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ሲገቡ መጋጠሚያቸው አስቀድሞ የተበላ፣ በግልጽ የሚያነክሱ የነበሩትም ይበልጥ ተበላሽቶባቸዋል።

በአሜሪካ ቦስተን የተከታተሉት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርገውታል። ሁለት ነገሮችን ያዙ፤ አንዱ ዕድሜ ከ35 ማለፉ፣ ሁለተኛው የጭኑ ራስና ጎድጓዳው ቅርጻቸው እርስ በርስ አለመግጠሙ። ሁለቱም የሌለበት ሰው የመበላሸት ዕድሉ ከመቶ 14 ገደማ ሆነ። አንዱ ካለበት 36፤ ሁለቱም ካሉበት ግን 95። በጣም ሰፊ ልዩነት ነው። አንቺ 33 ነሽ፤ ጊዜ አለሽ፣ ሰፊ ግን አይደለም። ሰባት ዓመት ታግሰሽ ስትመለሺ ይህ በር ተዘግቶ ልታገኚው ትችያለሽ። ስለዚህ «ታገሺ» ያሉሽ ሐኪም ትክክል የሚሆኑት ልም አጥንትሽ አሁኑኑ ካለቀ ብቻ ነው። ገና ካለ ግን ትዕግሥቱ የሚበላው ያንኑ ልም አጥንት ነው።

የባለቤትሽ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ስትሰቃዪ ማየት ሰልችቶት እንጂ ክፉ አስቦ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሠራሽ ዳሌም ዕድሜ አለው። በተለያዩ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ከመቶው 89ኙ 15 ዓመት፣ 70ው 20 ዓመት፣ 58ቱ 25 ዓመት ይቆያሉ። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በአብዛኛው ከአንቺ በዕድሜ ከሚበልጡ፣ እንደ አንቺ ቀን ሙሉ ፔዳል ከማይረግጡ ሰዎች ነው። አሁን ብትቀይሪው 25 ዓመት እንኳ ቢቆይልሽ 58 ዓመትሽ ላይ ዳግም ልትቀይሪ ነው፤ ሁለተኛው መቀየር ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ አጥንቱም ያነሰ ይሆናል። አጥንትሽ ዞሮ 20 ዓመት ቢያገለግልሽና 53 ዓመትሽ ላይ ብትቀይሪ ግን ያ አንድ ሰው ሠራሽ ዳሌ ዕድሜሽን ሙሉ ሊያደርስሽ ይችላል። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሰው ሠራሽ መቀየር የሚከለከል ነገር የለውም። እኔ ወደ የትኛው እንደማደላ አይጠፋሽም። ነገር ግን ከእኔ ማድላት በፊት የራጁ ፊልም ይናገር።

የራጅ ፊልምሽ አሁን የት ነው? ፍራሽ ሥር ከሆነ አውጪው፤ የጅማ እርጥበት ፊልም ያበላሻል። ደረቅ ቦታ፣ ሳይታጠፍ፣ በፖስታው ውስጥ ይቀመጥ። ቀጥሎ ተጋድመሽ ወይስ ቆመሽ እንደተነሣሽ አስታውሺ። ለዚህ ውሳኔ የሚያስፈልገው ቆመሽ፣ ሁለቱም ዳሌዎች በአንድ ፊልም ላይ የሚታዩበት ራጅ ነው። ተጋድሞ የተነሣ ራጅ ሸክም ስለሌለበት በልም አጥንቱ ላይ ያለው ክፍተት ሰፊ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ሕክምና ክፍል ሄደሽ ራጁን በዚህ መልክ እንዲያነሡልሽ ጠይቂ። ሐኪሙ ሲያየው የሚከተሉትን ቁጥሮች በወረቀት እንዲጽፉልሽ በትሕትና ለምኛቸው፤ ምክንያቱም «መበላት ጀምሯል» የሚለው ቃል ለሁለት ሐኪም ሁለት ትርጉም አለው፣ ቁጥር ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ፣ ጎድጓዳው የጭኑን ራስ የሚሸፍንበት ማዕዘን ስንት ዲግሪ ነው? 25ና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፤ ከ20 በታች ጥልቀት የለውም ይባላል። ቀጥሎ፣ መበላቱ በቶኒስ ደረጃ (ሐኪሞች በራጅ አይተው ከዜሮ እስከ ሦስት በሚሰጡት ቁጥር) ስንት ነው? ዜሮና አንድ ከሆነ አጥንት ማዞሩ የሚታሰብበት ክልል ውስጥ ነሽ። ሁለት ከሆነ አጠራጣሪ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ያመነታሉ፣ ማመንታታቸውም ተገቢ ነው። ሦስት ከሆነ ልም አጥንቱ አልቋል፤ ያኔ ማቶቱን ማቃናት የተሰነጠቀውን ጀበና አያድነውም፣ ሁለተኛው ሐኪም ትክክል ናቸው። በመጨረሻም እግርሽን ወደ ጎን ከፍተሽ በሚነሣ ራጅ ራሱና ጎድጓዳው ይገጥማሉ ወይ? ይህ ራጅ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ጎድጓዳው ከዞረ በኋላ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ የሚያሳይ እሱ ነው። ቀኝሽንም እንዲለኩልሽ አትርሺ፤ ይህ ችግር በሁለቱም በኩል መኖሩ የተለመደ ነው፣ ምንም ሳያምም እንኳ።

በካሜራ ቀዳዳ ሠርቶ መጠጋገን የሚባልም አለ። መጋጠሚያው ውስጥ ትርፍ አጥንት ሲኖር ይጠቅማል። ጎድጓዳው ለጎደለበት ሰው ብቻውን ቢሠራ ግን ማቶቱ እንዳዘነበለ ይቀራል። «ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል» ተብሎ ቢቀርብልሽ ይህን አስቢ።

አሁን ደግሞ ሊበላሽ የሚችለውን ሳልደብቅ ልንገርሽ። በጣም የተለመደው የጭን ውጫዊ ጎን መደንዘዝ ነው፤ ለቆዳ የሚያገለግል ነርቭ በቀዶው መንገድ ላይ ስለሚያልፍ ነው። ለብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻላል፤ ለአንዳንዶቹ ግን ትንሽ ቦታ እንደደነዘዘ ይቀራል። እግርን በሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ነርቭ ላይ ጉዳት የሚደርሰው ከመቶ ሁለት ገደማ ሰዎች ላይ ነው፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ደም ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት የደም መጠንሽ ይለካ፣ ካነሰም የብረት ክኒን ለሳምንታት ይወሰድ፣ የሚለግስ ቤተሰብም ቀድሞ ይዘጋጅ። ከተቆረጡት አጥንቶች አንዱ፣ በተለይ የፊተኛው፣ ላይገጥም ይችላል፤ ሲጋራ ይህን ያብሳል። ባትዋ ላይ እብጠትና ሕመም፣ ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ያጋጠማት ሴት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እስከ ማግስቱ አትጠብቅም። ዲክሎፌናክ የደም መቆምን ስለሚያዘገይ መቼ እንደሚቋረጥ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቂ። መጋጠሚያው ውስጥ መርፌ ከተወጋሽም ንገሪ፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ባሉት ሦስት ወራት መወጋት የኢንፌክሽን አደጋን ይጨምራል። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳታፍሪ ተናገሪ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚነካ ማወቅ አለባቸው።

ሌላም ብዙዎች የማያነሡት ነገር አለ፤ ለአንቺ ኑሮ ግን ዋና ነው። ጎድጓዳው ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከዞረ የጭኑ አጥንት ስትጎነበሺ ጠርዙን ይመታል፤ ቁጢጥ ማለትና ሱጁድ ይቸግራል። ወንበርና ከፍ ያለ መጸዳጃ በለመደ አገር ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። አንቺ ግን በቀን አምስት ጊዜ ትሰግጃለሽ፣ መጸዳጃሽም ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ስለዚህ ለቀዶ ሐኪሙ በቃል ብቻ አትንገሪ፤ ክፍሉ ውስጥ ስትሰግጂ እንደምትቀመጪው ቁጭ ብለሽ አሳዪያቸው። እግርሽ ምን ያህል መታጠፍ እንዳለበት ካዩ፣ አጥንቱን አዙረው ብሎን ከማጥበቃቸው በፊት እግርሽን አጥፈው ይሞክሩታል። ሰው ሠራሽ ዳሌም ቢሆን ጠልቆ ቁጢጥ ማለት የመውለቅ አደጋ ስላለበት፣ የባለቤትሽን ሐሳብ ብትመርጪም ይህን ጥያቄ ከመጠየቅ አታመልጪም።

ሐኪሙን የምትጠይቂያቸው ዋና ጥያቄ ደግሞ «ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተዋል፣ ባለፈው ዓመትስ ስንት?» የሚለው ነው። ድፍረት አይምሰልሽ፤ ደህና ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ይህ ሥራ እጅ የሚጠይቅ ነው፤ በርን ከተማ ያሉት እንኳ መጀመሪያ የሠሯቸው ውጤታቸው ከኋለኞቹ ያነሰ ነበር። ጅማ ላይ በብዛት የሚሠራው እጅ ካልተገኘ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጠይቂ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መስመሩን ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ያዙ፤ የሪፈር ወረቀት ሳይያዝ የተሄደበት መንገድ ወጪው በራስ ሊሆን ይችላል። ሪፈር ወረቀትሽ ላይ «የዳሌ ሕመም» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ ማዕዘኑና ደረጃው ይስፈርበት።

ከቀዶው በኋላ ያሉትን ወራት አስቀድመሽ ብታስቢባቸው ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው የሚሰበረው ቀዶው ላይ ሳይሆን ቤት ሲገባ ነውና። ሆስፒታል ከአራት እስከ ሰባት ቀን ትቆያለሽ። ከዚያ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በሁለት ክራንች፣ በግራ እግርሽ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ብቻ እያሳረፍሽ ትሄጃለሽ። 20 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ እግር አያውቅም። ሰው የሚቆምበት ሚዛን ተዋሺ፤ ቀኝ እግርሽን እኩል ከፍታ ባለው ጣውላ ላይ አድርገሽ በግራሽ ሚዛኑን ቀስ ብለሽ ተጫኚ። መርፌው 20 ላይ ሲደርስ የሚሰማሽን ስሜት ያዢው፤ በየጥቂት ቀኑም ድገሚው፤ ሕመሙ ሲቀንስ ሰው ሳያውቀው አብዝቶ ይረግጣል፣ ብሎን የሚላቀቀውም ያኔ ነው። አጥንቱ የሚጠነክረው ወደ ሦስት ወር ገደማ ነው።

አናጢ ጠርተሽ መቀመጫው ቀዳዳ ያለው፣ እጀታ ያለው ወንበር አሠሪ፤ መጸዳጃው ጉድጓድ ላይ ይቀመጣል። ከፍታው ስትቀመጪ ጉልበትሽ ከዳሌሽ ዝቅ የሚልበት ይሁን። የምትሰግጂውም ለጊዜው ወንበር ላይ ነው፤ ሕመምተኛ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ታውቂያለሽ፣ ልብሽ ካላረፈ ሸይኻችሁን ጠይቂ። ምንጣፉን ከመሄጃው ላይ አንሺ፤ ክራንች ምንጣፍ ላይ ይንሸራተታል። ባጃጅ ውስጥ ስትገቢ ጀርባሽን ሰጥተሽ ተቀመጪና እግርሽን ከዚያ አስገቢ። ቀዶው አዲስ አበባ ከሆነ ስፌቱ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው ዘመድ ቤት ብትቆዪ ይሻላል። ወደ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስትመለሺ መኪናው በየሰዓት ተኩሉ ይቁም፣ ጥቂት ተንቀሳቀሺ።

ገቢሽን በተመለከተ፣ ለሦስት ወር ግራ እግርሽ ፔዳል አይረግጥም። ከሁለት ወር በኋላ በቀኝሽ ብቻ መሥራት ትችዪ ይሆናል፤ የስፌት መኪናሽ ላይ ሞተር ማስገጠም ብትችዪ ደግሞ ከቀዶውም በፊት ይጠቅምሻል። የዒድ ስፌት ከሚበዛበት ወቅት ጋር እንዳይገጥም ቀኑን አስልተሽ ምረጪ። ለሦስት ወር የሚሆን የቤት ወጪ አለ ወይ? ዕቁብ ካለሽ ዕጣሽ መቼ ነው? እነዚህ ከማዕዘኑ ዲግሪ እኩል የሚወስኑ ጥያቄዎች ናቸው።

ስለ ልጅ ላልሽው መልካም ዜና አለኝ። አጥንት ማዞሩ መውለድን አይከለክልም፤ ብዙ ሴቶች ከዚያ በኋላ በምጥ ወልደዋል። ግን አጥንቱ እስኪጠነክርና ጡንቻው እስኪመለስ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ማርገዝ የተለመደ ምክር ነው። ቀድመሽ ብታረግዢ ደግሞ ራጁም ቀዶውም ይዘገያል፤ ክብደትሽ ሲጨምርም መጋጠሚያው ይጫነዋል። ስለዚህ የትኛው ይቅደም የሚለውን ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት፤ ራጁን ግን ከማርገዝሽ በፊት ተነሺ። ስትወልጂ ለአዋላጇ ዳሌሽ እንደተሠራ አስታውሺ፤ እግርሽን ከመጠን በላይ እንዳይከፍቱት።

ከዛሬ ጀምሮ ልታደርጊው የምትችዪው ነገርም አለ። ሁለት ዓመት ዲክሎፌናክ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ በዚህ ወር የኩላሊት ምርመራና የግፊት ልኬት ይደረግልሽ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የጉበት ችግር ከሌለብሽ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ወስደሽ ዲክሎፌናኩን ለከፋው ቀን ብቻ አስቀሪው፤ ካረገዝሽ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሪ አትንኪው። ከዘራ ያዢ፣ በቀኝ እጅሽ ግን፤ ሰው ሁሉ በሚያመው በኩል ይይዛል፣ ጫናውን የሚቀንሰው ግን በተቃራኒው በኩል ሲያዝ ነው። ዘንቢሉን ደግሞ በግራሽ፣ በሚያምሽ በኩል ተሸከሚ፤ የማይመስል ነገር ነው ግን በዚያ በኩል ስትይዢው የዳሌሽ ጡንቻ የሚጎትተው ይቀንሳል። የስፌት ወንበርሽን ጨርቅ ደርበሽበት ከፍ አድርጊው። ሲመሽ በቀኝ ጎንሽ ተኝተሽ ግራ እግርሽን ሳታጥፊ ወደ ላይ አንሺና ቀስ ብለሽ አውርጂ፤ አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ብሽሽት ውስጥ ከወጋሽ አቁሚ። እንዲፍታታ ብለሽ እግርሽን በኃይል አትዘርጊ፤ ጎድጓዳው ያልሸፈነው መጋጠሚያ ቀድሞም ልል ነው።

እናትሽን አትገፊያቸው። ወጌሻው ለብዙ ሰው የወለቀ ትከሻ መልሶ ይሆናል፤ እናትሽ ያዩት ያንን ነው። ያንቺ ችግር ግን ስትወለጂ ጀምሮ የነበረ የአጥንት ቅርጽ እንጂ የወለቀ ነገር አይደለም፤ ማሸት ቅርጽ አይለውጥም፣ በኃይል ቢጎተት ደግሞ የተሸረፈ ልም አጥንት ሊገነጠል ይችላል። ለእሳቸው በክርክር ከምትነግሪያቸው፣ ለሐኪሙ ቀጠሮ አብረውሽ ይሂዱ። ፊልሙ ብርሃን ላይ ተሰቅሎ፣ ቀኝሽና ግራሽ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ሐኪሙ በጣታቸው ጠርዙን ያሳዩአቸው። ባለቤትሽም ይኑር። ምናልባት እናትሽ የሚፈሩት ቢላዋውን ሳይሆን ከቢላዋው በኋላ ማን ያነሣሻል የሚለውን ይሆን? ጠይቂያቸው። ያ ከሆነ ለስምንት ሳምንት ልጅሽን ማን እንደሚይዝ በዚያው ቀን ልትስማሙ ትችላላችሁ።

የልጅሽንም ነገር ላንሣ። ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ በቤተሰብ ይወርዳል፣ ሴቶችንም ይበዛባቸዋል። አራት ዓመቷ ስለሆነ አንድ የዳሌ ራጅ ይበቃታል፤ ያንቺ ቀጠሮ ላይ አብራችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ስትራመድ ከኋላ ሆነሽ እያት፤ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ትላለች? አንዱ እግሯ ያጥራል? ሁለተኛውን ስትወልጂ ደግሞ ሕፃኑን እግሮቹን ቀጥ አድርገሽ አጥብቀሽ አትጠቅልይው፤ ዳሌው እንዲላቀቅ ያደርጋል። በአንቀልባ ስታዝዪው እግሮቹ ወገብሽን ዙሪያ ተከፍተው ይያዙ። እናትሽ ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁታል። በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ዳሌው በአልትራሳውንድ ይታይ፤ አራት ወር ካለፈ በራጅ ነው የሚታየው።

ራጁን ተነሥተሽ ማዕዘኑንና ደረጃውን ስታውቂ ቁጥሮቹን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ስትቀመጪ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች አብረን እናዘጋጃለን።